«ድሬ» የሚሉት ብሔረሰብ

በያጅ ለመቅጠር «ማንነትህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ለብረቱ ምን ይፈይዳል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ይፈይዳል ባይ ነኝ፤ ማን እንደሆንሁ ያወቅሁት በዚህ ጥያቄ ነው።

በደርግ ዘመን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን ቃለ ጉባኤ ያዥ ሳለሁ፣ ሁለት ዓመት ሥራ ያጣው በያጅ አብዲ ለፈተና ቀረበ።

«ብሔረሰብ?» አለው ከአዲስ አበባ የመጣው የቅጥር ኮሚቴው ሊቀ መንበር።

«ድሬ።»

«እሱ ከተማ ነው!»

«ጓድ፣ እናቴ ኦሮሞ፣ አባቴ ሶማሌ፣ ያጠባችኝ ጎረቤታችን አማራ። ማንን ልካድ?»

ሳቅን። ሊቀ መንበሩ ግን አልሳቀም።

«‹ማንነቱ ያልታወቀ› ብለህ ጻፍ» አለኝ።

አብዲ ዐይን ዐይኔን አየኝ። ጻፍሁ፤ እሱም ሳይቀጠር ቀረ።

ቤት ስገባ ያቺ ጎረቤት፣ እናቴ፣ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ወንድምህ ተቀጠረ?»