አልቀባበል ያለው ጥይት

አማርኛችን ጠመንጃንና ሰውን በአንድ ቃል ማስተዳደር ይወዳል። ጠመንጃ ይቀባበላል፤ ጥይቱ ሆዱ ገብቶ ይዘጋበታል ማለት ነው። ሰውም ይቀባበላል፤ አንዱ የሌላውን ቃል ይቀበላል። የትኛው ከየትኛው እንደተወሰደ አላውቅም። እርስዎ ካወቁ ይንገሩኝ። እኔ የማውቀው ሁለቱ የባለቤቴ ወንድሞች የመጀመሪያውን ሲችሉበት ሁለተኛው እንዳቃታቸው ነው።

እዚሁ ሰቆጣ ዙሪያ፣ አማቴ ሲሞቱ አንድ ምንሽር ትተው ሄዱ። መሬቱንም ከብቱንም በሰላም የተካፈሉት ወንድማማቾች ምንሽሩ ላይ ሲደርሱ ተኳረፉ፤ ጠመንጃ መቼም እንደ ገብስ ተሰፍሮ አይካፈሉት። ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር እኔና ባለቤቴ ሁለት ቤት እየዞርን መብላት ሆነ ሥራችን። ሆዴ አልተከፋም። ባለቤቴ መንገድ ላይ ስታለቅስ ማየት ግን አንጀቴን ይበላው ነበር።

ጥይት እንደ ልብ ስለማይገኝ ሁለቱም የተተኮሰ ቀለህ፣ ባዶውን የጥይት ቀፎ፣ መልሰው ይሞላሉ። ቀለህ ሲተኮስ ይለጠጥና የዚያን ጠመንጃ ሆድ ልክ ይይዛል። ታላቅየው ጋሼ ኪሮስ ሲተኩሱ የኖሩት በአባታቸው ምንሽር ብቻ ነውና፣ አረሩን እንዲጨብጥላቸው የቀለሁን አንገት ያጠብቡታል እንጂ ገላውን አይነኩትም። ልክክ ብሎ ስለሚተኛ አይስትም ባይ ናቸው። ታናሹ ሲሳይ ደግሞ ቀለህ የሚለቅመው ከየሠርጉና ከየለቅሶው ነው። ከማን ጠመንጃ እንደወጣ ስለማያውቅ ከአንገት እስከ ታች አጥብቦ እንደ አዲስ ያደርገዋል። የሱ ጥይት ለሁሉም ጠመንጃ ይሆናል። ኢላማ መምታቱን ብቻ አይጠይቁት።

በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀመጥን፤ የነፍስ አባታቸው፣ ባለሱቁ ሐጂ ዑመርና እኔ አማቹ። ጋራው ሥር ነጭ ድንጋይ ይቁም፣ እያንዳንዱ ራሱ በሞላው ጥይት ይተኩስ፣ የበለጠው ምንሽሩን ይውሰድ ተባለ። ጋሼ ኪሮስ ጢማቸውን እየዳበሱ ፈገግ አሉ። ይሄኔ ሐጂ፣ በአባትየው ጠመንጃ ከተተኮሰ ለታላቁ ያደላል ብለው የራሳቸውን ምንሽር አቀረቡ። ፍትሕ ማለት ይህ ነው ብለን አጨበጨብን።

ጋሼ ኪሮስ ጥይታቸውን አጎረሱና ገፉት። አልገባም። ሌላ ሞከሩ፤ አልቀባበል አለ። የሐጂ ጠመንጃ ሆዱ ጠበብ ያለ ነው።

«የአባቴን ቤት እንጂ የሰው ቤት አያውቅም» አሉ ጥይቱን መዳፋቸው ላይ እያገላበጡ።

ሲሳይ አቀባበለና ተኮሰ። ድንጋዩን ሳተ፤ ጋራውን መታ። ያልተኮሰ ከሳተ አይበልጥም ተባለና ምንሽሩ ለሲሳይ ተፈረደ። ጋሼ ኪሮስ ዝናራቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሳይከራከሩ መሄዳቸው ከክርክሩ ይልቅ አሳዘነኝ።

ብዙም ሳይቆይ ጅብ የሲሳይን በረት ለመደ። አንድ በግ ወሰደ፤ ሲሳይ ተኮሰበት፣ ሳተው። ጅቡም ይህን ሳይረዳ አልቀረም፤ ተመልሶ ሌላ በግ ወሰደ። እንግዲህ ይመልከቱ፤ ምንሽሩ አንድ ቤት፣ ልኩን የሚያውቀው ጥይት ሌላ ቤት።

አንድ ጠዋት ጋሼ ኪሮስ ደጅ ተቀምጠን ሳለ ሲሳይ መጣና አጥሩ አጠገብ ቆመ። መሬት መሬት እያየ «ጋሼ፣ በጎቼ ማለቃቸው ነው። ከጥይትዎ ይስጡኝ» አለ።

ጋሼ ኪሮስ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። ዝናራቸውን ታጥቀው ወጡ።

«ጥይቴንስ አልሰጥህም» አሉ። ሲሳይ ሊመለስ ፊቱን ሲያዞር ቀጠሉ። «ምንሽሩን አንተ ያዝልኝ። እኔው እመጣለሁ።»

ጅቡ እስካሁን አልተገኘም። ሁለቱ ወንድማማቾች ግን አመሻሽ ላይ በረቱ አጠገብ አብረው ተቀምጠው ይጠብቁታል፤ ስለ አባታቸው ሲያወሩና ሲሳሳቁ ጅቡ ከሩቅ ሳይሰማቸው አይቀርም። በዚህ በዓል የበላነው አንድ ቤት ብቻ ነው። ባለቤቴ መንገዱን ሙሉ ስትስቅ መጣች። እኔም ከዚያ ወዲህ ለጅብ ዕድሜ እለምናለሁ።