ከዕጣው ጀርባ ማን አለ?

ተጠራጣሪ የሌለበት መሥሪያ ቤት ገና በሩ አልተከፈተም ማለት ነው። በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት፣ ክብርት አንሶላ ተኳሽ እትዬ ምርመራ ናቸው። ደመወዝ በቀኑ ቢገባ፣ አለቃው ፈገግ ብሎ ቢያልፍ፣ ካውያቸውን ያቆሙና «ከዚህ ጀርባ ማን አለ?» ይላሉ።

መዝገብ ያዡ ወጣት፣ አሥሩ ሠራተኞች በእሁድ ተራ ሲነታረኩ ሰልችቶት፣ በአንድ የጀማሪዎች የፕሮግራም ቋንቋ አምስት መስመር ጻፈ፦ ከአንድ እስከ አሥር ካሉት አንዱን ቁጥር በዘፈቀደ አውጣ። ኮምፒውተሩ ሌት ተቀን እንደበራ ነው፤ በየዓርቡ ቁልፉን ይጫናል፤ ቁጥሩ የወጣበት ሰው እሁድ ይገባል። ቁጥሯ ብቅ ስትል፣ ከባዶ ሜዳ ወፍ የተነሣች ያህል ልቡ ድንግጥ ይላል።

የእትዬ ቁጥር ሰባት ነው። መጀመሪያ የወጣችውም ሰባት ነበረች።

«ከዚህ ጀርባ ማን አለ?»

«ማንም የለም እትዬ፤ ዕድል ነው።»

«ዕድል እጅ የለውም ልጄ። ይህን የጻፈው ግን ሁለት እጅ አለው።»

አጣቢዎቹ በሳቅ ፈረሱ። እትዬ ከሽርጣቸው ኪስ ደብተር አወጡና ጻፉ። ስምንት ወር ሙሉ በየዓርቡ ጻፉ።

ባለፈው ዓርብ መብራት ሄዶ መጣ። እሁድ ደግሞ የእትዬ የመጨረሻ ልጅ ትመረቃለች። ወጣቱ ኮምፒውተሩን አስነሥቶ ቁልፉን ሊጫን ሲል እትዬ ደብተራቸውን ገለጡ።

«ሰባት ይወጣል» አሉ።

ሰባት ወጣ።

«ድገመው። ሦስት። ቀጥል። ዘጠኝ። ከዚያ አንድ፣ ሁለቴ።»

ሦስት። ዘጠኝ። አንድ። አንድ። አጣቢዎቹ ደብተሩን ለማየት ተጋፉ።

«መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ከሰባት ነው የሚነሣው። ስድስት ጊዜ ጽፌዋለሁ።»

ወጣቱ በላብ ተጠምቆ የፕሮግራም ቋንቋውን መመሪያ አገላበጠ። ለካ ማሽን ዕድል የሚባል ነገር አያውቅም! ቁጥሮቹን በስሌት ያወጣቸዋል፤ መነሻ ቁጥር ካልተሰጠውም በተነሣ ጊዜ ሁሉ ያንኑ መንገድ እንደገና ይጓዛል። «መነሻህን ከሰዓት ቆጣሪህ ውሰድ» የምትል አንዲት መስመር ጎድላው ኖሯል። እሱ ተምሮ ያላየውን እትዬ በእርሳስ ቁራጭ ደርሰውበታል። ያንን የቆሸሸ ደብተር የሰማይ ካርታ እንደሚያይ ሰው ፈዝዞ አየው።

መስመሯን ጨመረና ወንበሩን ለቀቀላቸው። «እርስዎ ይጫኑት። መነሻዋ ጣትዎ ያረፈባት ቅጽበት ትሁን።»

እትዬ ተጫኑ።

ሰባት።

እትዬ ቁጥሯን ትኩር ብለው አዩዋትና ደብተሩን ከደኑ። «ይቺስ የማንም እጅ የለባትም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ተሰበረ። «እሁድ እገባለሁ።»

«አይገቡም። እኔ እገባለሁ፤ እርስዎ ልጅዎን ያስመርቁ።»

«አንተ? ካውያ ጨብጠህ ታውቃለህ?»

«ዛሬ ያስተምሩኛል።»

እትዬ ምርመራ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ከዚያ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው፣ በትከሻው ላይ አሻግረው ተመለከቱ።

«ከዚህ ጀርባ ማን አለ?»