የሳል ክርስትና ስም

አያ እንግዳው ሰው ሲስል ሰምተው ዝም ብለው ማለፍ ለምን እንደማይሆንላቸው፣ ጎረቤታቸው ውባንተ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘለትም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መንደር ደግሞ የለም። ጎረቤት ሲታመም አንዱ ጠበል ይዞ ይመጣል፤ አንዱ አጥሚት ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ደግሞ ስም ብቻ ይዞ ይመጣል።

አያ እንግዳው ጣልያን ጎንደር በገባ ማግሥት በጣልያኖቹ ሐኪም ቤት የበሽተኛ ቃሬዛ ተሸክመዋል። ደመወዛቸውን እዚያው ጠጡት፤ የሐኪሞቹን የጣልያንኛ ቃል ግን ይዘው ወደ ቆላ፣ ወደ መንደራቸው ወደ ኮኪት ወረዱ። ከዚያ ወዲህ ኮኪት ላይ ጉሮሮ የሚባል ነገር ቀረ፤ «ላሪንጄ» ሆነ። የትንፋሽ ቧንቧ «ትራኬያ» ሆነ። ሰውም ለፌዝ «ሊቀ ሳንባ» ብሎ ሾማቸው። እሳቸው አንገታቸውን ቀና አድርገው ሹመቱን ተቀበሉ።

«በሽታ እንደ ሰው ነው» ይላሉ። «የዓለም ስም አለው፤ የክርስትና ስም አለው። ዛር እንኳ ስሙን ሳይናገር መች ይለቃል? በክርስትና ስሙ ጥራው፤ ያኔ ይደነግጣል!»

አንድ ቀን ሱዳናዊው የመተማ ነጋዴ ሐሚድ ገበያ ላይ የሰሊጥ ብናኝ ገብቶበት ሲስል ደረሱበት።

«ምንህን ነው?»

«ናዝላ ነው፣ ያ ዞል። ጉንፋን።»

«እሱ የዓለም ስሙ ነው። የክርስትና ስሙ ብሮንኪቴ ይባላል።»

«ወላሂ!» አለ ሐሚድ እየሳለ። «የኔ ሳል ደግሞ መቼ ክርስትና ተነሣ?»

ገበያው ሁሉ ሳቀ። ውባንተ አልሳቀም። ወንድሙ በአርማጭሆ በረሃ ከአርበኞች ጋር ነው። ወደ ሽማግሌው ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጣልያኖች አገሩን ወሰዱ፤ ግብሩን ወሰዱ። ጉሮሮዬን ደግሞ እርስዎ ያስረክቡልኝ?» አለ።

«ጉሮሮ አይደለም ልጄ፤ ላሪንጄ።»

በአጨዳው ወራት የውባንተ ሚስት አየሁሽ ከሰሊጡ ማሳ ላይ ዝናብ መታትና ወደቀች። ጎኗን ይወጋታል፤ ገላዋ እሳት ሆኗል፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የጎንደርን መንገድ ጣልያን ዘግቶታል። ሊቀ ሳንባ ሳይጠሩ መጡና ጆሯቸውን ጀርባዋ ላይ ለጠፉ።

«ፖልሞኒቴ» አሉ፤ የሳንባ ምች ማለታቸው ነው።

«መድኃኒቱስ?» አለ ውባንተ።

ሽማግሌው የአየሁሽን ልብስ ጀርባዋ ላይ መለሱ።

«ስሙን አወቁት አይደል? ይጥሩታ! ይደንግጥ!»

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ቀጠነ። «እኔ የተሸከምኩት ሰዉን ነው። መድኃኒቱን የሚሸከም ሌላ ነበር።»

ውባንተ እንዲወጡለት በሩን አሳያቸው። እሳቸው ግን ከመደቡ አጠገብ ቁጭ ብለው፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ፣ የትንፋሽን መንገድ ከአፍንጫ ጀምረው ይወርዱት ጀመር። «ናዞ... ላሪንጄ... ትራኬያ... ብሮንኪ...»። ሲወርዱ አየሁሽ አየር ትስባለች። ከሳንባው ጫፍ ደርሰው «አልቬዎሊ» ሲሉ ታርፋለች። ሽቅብ ሲመለሱ ታስወጣለች።

«በቃ!» ብሎ ውባንተ ክንዳቸውን ጨመደደ። «በቁሟ ፍትሐት ሊደርሱላት ነው? ያውም በጠላት ቋንቋ!»

ሽማግሌው አቋረጡ። ወዲያው የአየሁሽ ትንፋሽ ተወሳሰበ፤ ዓይኗ ፈጠጠ። እጇን አንሥታ የባሏን ደረት ገፋች።

«ተዋቸው... ይበሉ።»

ለቀቃቸው። ዋሉበት፤ አነጉበትም። ጉሮሯቸው ሲደርቅ፣ ላሪንጄያቸው ማለት ነው፣ ውባንተ እየተናደደ በቅል ውኃ ያቀብላቸዋል። አንዴ ሸለብ ሲያደርጋቸው ራሱ ከመሐል ተቀብሎ «ትራኬያ!» ሲል ተገኘ። በዕድሜው እንደዚያች ሰዓት ተናዶ አያውቅም።

ጎሕ ሲቀድ አየሁሽን ላብ አጠመቃት። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ትንፋሿም ያለ መሪ ይሄድ ጀመር። ሊቀ ሳንባ ገና «ብሮን...» እንዳሉ ግድግዳውን ተደግፈው ቀሩ። ቤቱን በማንኮራፋት አናወጡት።

ሐሚድ ሊጠይቅ መጥቶ በበሩ አንገቱን አስገባ። «ያ ሰላም! ይኼ ማንኮራፋትስ የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

«ዝም በል!» ብሎ ተቆጣው ውባንተ፣ ጋቢውን ከትከሻው አውልቆ ሽማግሌውን እያለበሰ። «ስሙን የሚያውቁት ተኝተዋል።»

ፀሐይ በማሽላው አናት ብቅ ብላ ነበር፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት።