ራሴ በጻፍኩት ደንብ ከማኅበር የወጣሁበት እሁድ

የዛሬውን ብነግራችሁ የፈጠርኩት ይመስላችኋል። ራሴ ጽፌ፣ ራሴ ታይፕ አድርጌ፣ ራሴ ፕሪንት አስደርጌ ባመጣሁት ደንብ ከነጋዴ ማኅበራችን ወጣሁ።

ተባረርኩ ልል ነበር። ማንም አላባረረኝም። ያስወጣኝ አንቀጽ አራት ነው።

ለማታውቁኝ፦ ነጂማ እባላለሁ፤ ዲላ መናኸሪያው አካባቢ የፕላስቲክ ዕቃ እሸጣለሁ። ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ሳፋ፣ የልጅ ፖፖ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።

ማኅበሩ ውስጥ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ሹመት ጸሐፊ ነበርኩ። የበፊቱ ጸሐፊ ሥራውን ወደ ሻሸመኔ ሲያዞር "ነጂማ ላፕቶፕ አላት" ተባለ፣ በዚያው ቀረ። ቃለ ጉባኤ እኔ፣ ደብዳቤ እኔ፣ ቴሌግራም ግሩፑ እኔ። እንግዳ ሲመጣ ግን "ይቺ የምታግዘን ልጅ ናት" ብለው ነው የሚያስተዋውቁኝ።

የምታግዘን ልጅ! ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው እኮ።

ስለዚህ በዛሬው ምርጫ በወጉ ተመርጬ ጸሐፊ መባል ፈልጌ ነበር። በጣም ፈልጌ ነበር። እዚህ ላይ አልቀልድም።

ከምርጫው በፊት ግን ደንቡ መሻሻል ነበረበት። አሮጌው ደንብ አራት ገጽ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ አንዱን ገጽ ዝናብ መትቶት ግማሹ አይነበብም። አባል ማን እንደሆነ ሲገልጽ ምን ይላል መሰላችሁ? "አባል ማለት ጠዋት መጥቶ ሱቁን የሚከፍት ሰው ነው።"

በቃ። ሕጉ ይኸው ነው።

ፎቶ አንስቼ ለጓደኛዬ ላክሁላት፤ አብረን ሳቅን። ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩት።

እውነቱን ለመናገር የሰረዝኩት በሐጂ ምክንያት ነው። ሐጂ ከሱቄ ፊት ለፊት ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። ሱቁን ሦስቱ ልጆቻቸው በተራ ስለሚከፍቱ ስብሰባም የሚመጡት በተራ ነው። አንድ ጊዜ ትልቁ፣ ሌላ ጊዜ መካከለኛው፣ ቀጥሎ ትንሹ። የመጣው ሁሉ "ባለፈው ምን ነበር የተወሰነው?" ይላል። የገበያውን ሽንት ቤት ጉዳይ ብቻ አራት ጊዜ ከሀ ጀምሬ አስረድቻለሁ። ሰው ነኝ፣ ሰለቸኝ።

እናም አንቀጽ አራትን ጻፍኩ፦ "አባል ማለት የንግድ ፈቃዱ በራሱ ስም የወጣ ሰው ብቻ ነው። በተወካይ መሳተፍ አይቻልም።"

ጽፌ ስጨርስ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ ስክሪኑን አየሁት። የሆነ ሚኒስትር የሆንኩ መሰለኝ።

ዛሬ ጠዋት ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ደንቡን በፕሮጀክተር አሳየሁ። ከከተማው ወጣ ካለችው ከጪጩ የሚመጡት ሳይቀሩ በሰዓቱ ተገኝተዋል። ሐጂም ጉልበታቸውን እያሻሹ ራሳቸው መጥተዋል፤ ፈቃዳቸውን ከነፍሬሙ ከግድግዳ አውርደው፣ በፌስታል ጠቅልለው። አንቀጽ አራትን ሳነብ ተጨበጨበ። ሐጂም አጨበጨቡ። ደንቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ቀጥሎ ምርጫ። ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጡት ሊቀ መንበራችን ጋሽ ታሪኩ "በአዲሱ ደንብ መሠረት ዕጩዎች ፈቃዳቸውን ያሳዩ፤ ፎቶው ያለው ግሩፑ ላይ ይልቀቀው" አሉ። ይሄንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግልጽነት ይኑር ብዬ።

ለቀቅኩት። የአዳራሹ ስልክ ሁሉ ባንዴ ጮኸ።

ጋሽ ታሪኩ ስልካቸውን ራቅ አድርገው አነበቡ። "ነጂማ፣ ይሄ ሸምሱ የሚለው ማነው?"

ወንድሜ ነዋ!

ሸምሱ ታላቄ ነው። ሱቁን መጀመሪያ ያቋቋመው እሱ ነው። ሐዋሳ ጎማ መሸጥ ሲጀምር ቁልፉን ሰጠኝና ሄደ፤ ፈቃዱ በስሙ ቀረ። እኛ ቤት እንደዚህ ነው የሚሠራው። አንዱ ሱቅ አቋቁሞ ወደ ሌላ ከተማ ያልፋል፣ ተከታዩ ይቀጥላል፣ ወረቀቱን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። በየዓመቱ በውክልና የማሳድሰው እኔው ነኝ፤ ስለዚህ የማን ስም እንዳለበት አላውቅም ነበር ልላችሁ አልችልም። ግን ደንቡን ስጽፍ የታዩኝ የሐጂ ልጆች ናቸው። ስለ ራሴ አንዴም አላሰብኩም። ሱቁ የኔ ነዋ።

"እንግዲያው ሸምሱን ወክለሽ..." ብለው ጋሽ ታሪኩ ጀመሩና ቀና ብለው ፕሮጀክተሩን አዩ። በተወካይ መሳተፍ አይቻልም። እሷን መስመር አድምቄ ነበር የጻፍኳት፣ ማንም እንዳያልፋት።

በዚህ መሃል የተነሣ ሰው ቢኖር ሐጂ ናቸው። "ይቺ ልጅ ሱቋን ስትከፍት በየቀኑ አያታለሁ። ልጆቼ ሳይነቁ ባልዲዋን ደርድራ ጨርሳለች። ሱቁ የሷ ካልሆነ የማን ሊባል ነው?"

ያን ጊዜ ነው ፊቴ የጋለው። ስም ሳልጠራ የጻፍኩባቸው ሰውዬ ተነሥተው ይከራከሩልኛል። አፈርኩ። እውነት አፈርኩ።

"እሱማ እኔም አውቃለሁ ሐጂ" አሉ ጋሽ ታሪኩ። "እናሻሽለው እንዳልል ደግሞ የመጨረሻው አንቀጽ አለ።"

የመጨረሻው አንቀጽ "ይህ ደንብ ከጸደቀበት ቀን አንሥቶ ለሁለት ዓመት አይሻሻልም" ይላል። ሰው በየስብሰባው እየተነሣ እንዳያደክመኝ የጨመርኳት ናት።

ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ሌላ ዕጩም አልነበረም። ዋናውን ፈቃድ በእጃቸው የያዙት ሐጂ ብቻ ስለነበሩ ሐጂ ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ። እኔ ዕቃዬን ስሰበስብ ጠሩኝ።

"ነይ ልጄ፣ ዓይኔ አይረዳኝም። እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ጻፊው።"

ጻፍኩ። ምን ላድርግ? ላፕቶፑም የኔ ነው።

"ያልተገኙ አባላት" በሚለው ሥር ሸምሱ። "በታዛቢነት የተገኙ" በሚለው ሥር ነጂማ። ሁለቱንም በራሴ እጅ።

ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሸምሱ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ "ስብሰባው መቼ መቼ ነው?" አለኝ። ልዘጋበት ስል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ስሙን ላዙርልሽ ብዬ ስንቴ ጠየቅሁሽ? 'በእኔና በአንተ መሃል ምን ወረቀት ያስፈልጋል' ያልሽው አንቺ ነሽ።"

ብያለሁ። በእኔና በሱ መሃል ዛሬም ወረቀት አያስፈልግም። ወረቀት የሚያስፈልገው በእኔና በቀረው ሰው መሃል ነው፤ ይሄን ለማወቅ ዘጠኝ ገጽ ደንብ ማርቀቅ ነበረብኝ።

ሸምሱ ነገ በመጀመሪያው መኪና ይመጣል፣ ንግድ ጽሕፈት ቤት አብረን እንሄዳለን። እናንተ ግን አሁን እዚህ ሥር የሳቅ ኢሞጂ ከመደርደራችሁ በፊት አንድ ነገር መልሱልኝ፦ የኔ ነው የምትሉት ነገር ወረቀቱ ላይ የማን ነው? ሄዳችሁ አይታችኋል?