የአቶ እንዳላማው እንግሊዝኛ

ከደምበጫ እስከ ይጁቤ አንድ ወሬ ይሮጥ ነበር፤ «አቶ እንዳላማው በአንዲት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሰው ከሞት አስጣሉ» የሚል። ይጁቤ ሲደርስ ዓረፍተ ነገሯ ሦስት ሆናለች፤ የእንግሊዙ መኮንንም ተንበርክኳል።

በየአገሩ አንድ ቋንቋ አዋቂ አይጠፋም። ከፈረንጅ ጋር አንድ ክረምት የከረመ ሰው ዕድሜ ልኩን ሊቅ ነው። አልጣሽ ግን ወሬውን አላመነችም። ከሞት ተረፈ የተባለው ደርቤ ባሏ ነው፤ አቶ እንዳላማውም ዐሥር ዓመት አጥር የተጋሩ ጎረቤቷ። በዐሥር ዓመት ከአፋቸው የሰማችው እንግሊዝኛ ሁሉ ለበቅሎ የተነገረ ነው፤ በቅሎዋም ሁልጊዜ አትሰማቸውም።

ክቡርነታቸው ጣሊያን ሳይመጣ የአንድ እንግሊዝ ቆንሲል ጓዝ ጭነዋል። ከዚያ ወዲህ የማይፈርዱበት ነገር የለም። ጠላ ከቀጠነ «በእንግሊዝ አገር ይህ ያስከስሳል!» ይላሉ። ዋና መመኪያቸው ግን ቆንሲሉ በደጀን መንገድ ዝናብ ሲያግደው የተናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ትናንት ባይዘንብ ኖሮ ዛሬ ደጀን ነበርን።»

«እንግሊዝኛ ሁሉ ሜዳ ነው፤ እቺ ግን ዓባይ ናት» ይላሉ። «አንድ እግሯ ትናንት፣ አንድ እግሯ ዛሬ። ስንቱ ተማሪ ሰምጦባታል!»

«እስቲ በእንግሊዝኛው ይበሏት» ሲባሉ ጉሮሯቸውን ዳብሰው «ጉንፋን ይዞኛል፤ እሷ በጉንፋን አትባልም» ይላሉ። ጉንፋናቸው አምስት ዓመት ቆየ።

ጣሊያን ከደምበጫ በለቀቀ ሰሞን እንግሊዞች ከአርበኞች ጋር ገቡ፤ ደርቤም ታሰረ። የእንግሊዙ መኮንን ደርቤ የጣሊያንን ጦር መንገድ ሲመራ በሩቅ ማሳያ መነጽሩ አይቶታል። እውነቱ ሌላ ነው፤ ደርቤ በግድ ምራ ተብሎ፣ አርበኞች ከተሸሸጉበት መልካ፣ ከወንዙ መሻገሪያ፣ አርቆ ረግረግ ውስጥ ከተታቸው። ይህን ለፈረንጅ ማን ይንገረው? አስተርጓሚው በወባ ተኝቷል። የባንዳ ቅጣት ደግሞ ጥይት ነው።

ከአርበኞቹ አንዱ፣ ሽማግሌው ወልደ ሚካኤል፣ ቆመው መሰከሩ።

«ደርቤ ያን ቀን መልካውን አሳይቶ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ እኔ እዚህ አልቆምም ነበር።»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ አቶ እንዳላማው ዞረ። ከዓረፍተ ነገር ሁሉ ያችው ዓባይ መጣች!

በላብ ተጠመቁ። ከጓዝ ጭነት የተረፏቸውን ቃላት አንድ በአንድ አወጡ፤ «ደርቤ። መልካ። አሳየ። እኛ፣ ሞትን።» መኮንኑ ጻፈ። ፊቱ ጠቆረ። አልጣሽ ቋንቋ ባታውቅም ፊት ታነባለች። የአቶ እንዳላማውም ፊት አመድ መሰለ።

 

ከዚያ ወደ ደርቤ ሄደው የኩታቸውን ጫፍ ከደርቤ ኩታ ጫፍ ጋር ቋጠሩ፤ እንደ አገር ዳኝነት።

«ዋሱ እኔ ነኝ! እሱን ከገደለ ሁለት ጥይት ያዘጋጅ» አሉ፣ በአማርኛ። ወደ ሕዝቡም ዞረው «መልካው ላይ የነበራችሁ ምን ትገተራላችሁ? ኑ ታሰሩ!» ብለው ጮኹ።

ወልደ ሚካኤል ጋቢያቸውን ቋጠሩ። ቀጥሎ ታረቀኝ፣ ቀጥሎ ሌላው። ዐሥራ ሁለት አርበኛ በደርቤ ላይ እንደ ሐረግ ተያያዘ። አቶ እንዳላማው ወደ መልካው ጠቁመው እጃቸውን በእምቢታ አወናጨፉ፤ ወደ ረግረጉ ጠቁመው የደርቤን ትከሻ መቱ፤ ከዚያም የዐሥራ ሁለቱን ደረት፣ የእያንዳንዱን፣ በመዳፋቸው ነኩ። ይተነፍሳል። ይኼም ይተነፍሳል።

መኮንኑ ቆጠረ። የጻፈውን ሰረዘ። የደርቤን ገመድ በራሱ ጩቤ ቆረጠ።

በግንቦት ሚካኤል ደርቤ ደገሰ። አልጣሽ ወፍራሙን ጠላ ለአቶ እንዳላማው ቀዳች፤ እንግዳው ሁሉ እየሰማ።

«አያ እንዳላማው፣ ያችን ዓባይ ተሻገሩልን አይደል? ከዛሬ ጀምሮ እኔም ወሬውን አምኛለሁ።»

 ይህችን ቀን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠብቋት ኖረዋል። ዋንጫውን አስቀመጡ።

«ማን ነው ያወራው? አልተሻገርኋትም። እንግሊዝኛም አልችልም፤ የማውቃት የበቅሎ ናት። ያን ቀን የተናገርኋት ባልሽን ልታስገድለው ነበር።»