ከወንበሬ ሥር የገባው ኮምፒውተር

ሰው ሁሉ የሚፈራው አንድ ነገር አያጣም። ጀግና ነኝ የሚለውንም ጠጋ ብላችሁ ብትጠይቁት ወይ አይጥ ይፈራል፣ ወይ መርፌ፣ ወይ የሚስቱን እናት። የእኔ ፍርሃት ሽቦ ነው። ሽቦ ስል ግድግዳ ተጠግቶ፣ ሥርዓት ይዞ የሚሄደውን ማለቴ አይደለም፤ እሱን ለምጄዋለሁ። የምፈራው ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ሳይታወቅ በእግሬ መሃል የሚያልፈውን ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እኔ እባቡን እንኳ በቅጡ አላየሁም፤ በቀጥታ ከልጡ ነው የጀመርኩት።

እንዲህ ያለችውን ሴት ታዲያ አላህ ከማን ጋር አጋባት? ከሰይድ ጋር። ሰይድ ደግ ነው፣ ታታሪ ነው፣ ታክሲ ነድቶ ሲገባ እንኳ ደከመኝ አይልም። ሽቦ ሲያይ ግን ዓይኑ ይበራል። የተበላሸ ሬዲዮ ከመንገድ አንስቶ የመጣበትን ቀን ከሠርጋችን ቀን አስበልጦ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ።

ጊዜው የካናዳዋ ካልጋሪ በነዳጅ ገንዘብ የሰከረችበት ጊዜ ነበር። ሰው ሁሉ እንደየአቅሙ ያብድ ነበር። አንዱ ለመሳፈር መሰላል የሚያስፈልገው ፒክአፕ ይገዛል፤ ሌላው መሠረቱ ያልተቆፈረ ቤት ይገዛና ባዶ ሜዳ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። እኛ ዋይትሆርን ሰፈር ውስጥ ቤዝመንት፣ ማለትም የሰው ቤት ምድር ቤት፣ ተከራይተን ስለምንኖር ለትልቁ እብደት አቅም አልነበረንም። ቢሆንም ሰይድ ከዘመኑ መቅረት አልወደደም መሰለኝ፣ አረንጓዴዋ ቫናችን ውስጥ ኮምፒውተር አስገባ።

ላፕቶፕ ይዞ ገባ ማለቴ አይደለም። ያንን ጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠውን ሳጥን፣ ሆድ ዕቃውን አውጥቶ፣ አሳንሶ፣ መኪናችን ውስጥ ተከለው ነው የምላችሁ። ፊልም እናይበታለን፣ ቁርዓን እንሰማበታለን፣ ኢንተርኔት እንገባበታለን አለኝ። ቤት ውስጥ ያለው ምን ጎደለው ብዬ ብጠይቀው፣ ቤት ውስጥ ያለው አይነዳማ አለ።

ሥራውን የመራው ቢንያም ነው፤ ሰንሪጅ አካባቢ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ጓደኛው። ሁለቱ ሆነው የሬዲዮውን ቦታ ነቅለው ስክሪን አስገቡበት፣ በላዩ ላይ ትንሽ ካሜራ ለጠፉበት። ከኋላ ሌላ ባትሪ ጨመሩ። ጣሪያው ላይ የዓሣ ማጥመጃ የሚመስል አንቴና አቆሙ። በመጨረሻ ሳጥኑ የሚቀመጥበት ቦታ ጠፋ። እዚህም እዚያም ሲለኩ ቆይተው ቢንያም ከሁሉም የሚመቸው እዚህ ነው ብሎ ከእኔ ወንበር ሥር ከተተው። ለማን እንደሚመች አልተናገረም።

የሚለኮስበት ሰዓት ሲደርስ፣ ቢንያም በቸርቹ የታወቀ ጸሎተኛ ነውና፣ በኢየሱስ ስም አለ። ሰይድ ቢስሚላህ አለ። ኮምፒውተሩ ሁለቱንም ሰምቶ ዝም አለ። ቢንያም አንዷን ሽቦ በጣቱ ኮርኮር ሲያደርጋት ግን እርርር የሚል ድምፅ እያሰማ ተነሳ። እነሱ ተቃቀፉ፤ እኔ ወደ ቤት ገባሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሰላም ተቀምጬ አላውቅም። ወንበሬ ሥር የንብ ቀፎ ያለ ይመስል እምምም ይላል። ይሞቃል። ሙቀቱን እንኳ አልጠላሁትም፤ እዚህ አገር ክረምት ላይ ሙቀት ከየትም ይምጣ አይገፋም። ግን አንዳንዴ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸተኛል፤ ሰይድን ሽቶሃል ስለው አልሸተተኝም ይላል፤ እንግዲህ ፍርሃት አፍንጫም አለው ማለት ነው። ከመቀመጤ በፊት የማውቀውን ዱዓ ሁሉ እቀራለሁ፤ ሽቦዎቹን ላለመንካት እግሬን አንጠልጥዬ እጓዛለሁ። በሥራ ቦታዬ የማስታምማቸው አሮጊቶች ተራዬ ደርሶ ስገባ ፊትሽ ምነው ገረጣ እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። ሰይድ አውሮፕላን ውስጥም እኮ ሽቦ አለ ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። አውሮፕላንም እንደምፈራ ረስቶት ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የፈራሁት ደረሰ፤ የደረሰው ግን በጠበቅኩት በር አልነበረም።

ጋሼ ይማም የሰይድ አባት ታላቅ ወንድም ናቸው። ከደሴ ሊጠይቁን መጥተው እኛው ዘንድ ሰንብተዋል። ኖርዌይ ያለችው ልጃቸው ዘይነባ በዚያ ሰሞን ሴት ልጅ ወለደች። በእኛ ወግ አራስ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ በጆሮዋ የምትሰማው አዛን፣ የጸሎት ጥሪው፣ ነው። ይህን የሚያደርገው አባትየው ነበር፤ እሱ ግን ትሁት ሰው ነውና፣ አያቷ በሕይወት እያሉ የመጀመሪያው ድምፅ የእሳቸው ይሁን አለ። ከሆስፒታል የሚወጡበት ቅዳሜ በኮምፒውተር እንዲሆን ተቀጠረ። ጋሼ ቀጠሮው ከተያዘ ጀምሮ ድምፃቸው እንዲጠራ ማር በሞቀ ውኃ ሲጠጡ ሰነበቱ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የቤታችን ኢንተርኔት ሞተ። የኢንተርኔት ድርጅቱ ጋ ብንደውል ሠራተኛ የሚላከው በሚቀጥለው ሳምንት ነው አሉን። በዚያ ዘመን ሠራተኛ የሚባለው ሁሉ ወደ ሰሜን፣ ወደ ነዳጁ ሄዶ አልቋል፤ የቀረነው ታክሲ ነጂና አስታማሚ ብቻ ነን። ጋሼ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ቆባቸውን ያወልቃሉ፣ መልሰው ያደርጋሉ። አንጀቴን በሉት። ሰይድ ግን ያዘነ አይመስልም ነበር። ለዚህ ቀን ነው ያስገባሁት አለና የመኪናውን ቁልፍ አነሳ።

አቢዴል የሚባለው ሰፈር ገባን። የመኪናችን ኢንተርኔት የሚሠራው ከሰው ቤት የሚወጣ፣ ያልተቆለፈ ሲግናል ሲያገኝ ነው። በየቤቱ ፊት ቀስ እያልን፣ ቆም እያልን፣ ወደ ኋላ እየተመለስን መሄድ ጀመርን። እስቲ ከመስኮት ሆኖ የሚያየንን ሰው አስቡት፦ አንቴና ያቆመች አሮጌ ቫን፣ ሻሽ ያደረገች ሴት እግሯን አንጠልጥላ፣ ከኋላ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ፣ በሁሉም መሃል ሽቦ። ዓለም እንደእኛ ዓይነቱን ሙስሊም በጥርጣሬ ደጋግሞ ማየት የለመደበት ዘመን ነው። የዜግነት ማመልከቻችን ደግሞ ገና አልተመለሰም። ሰይድ፣ ይሄ እኮ ስርቆት ነው አልኩት። አየር ነው፣ አየር ይሰረቃል ወይ አለኝ። ወደ ኋላ ዞሬ ጋሼን ፍርድ ጠየቅኳቸው። ጋሼ ካሰቡ በኋላ፣ የሰው ዛፍ ጥላ ሥር ማረፍ ነውር የለውም፤ ቅርንጫፉን ግን እንዳትሰብሩበት አሉ። ሰይድ ከእሳቸው በላይ የሚሰማው ሙፍቲ ስለሌለ አንድ ግራጫ ቤት ፊት ለፊት ፓርክ አደረገ።

ስክሪኑ ላይ በመጀመሪያ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን የሆነ ነገር መጣ፤ ቀጥሎ የዘይነባ ግንባር፤ ቀጥሎ በነጭ ፎጣ የተጠቀለለች አንዲት ፍሬ ልጅ። ጋሼ ሱብሃነላህ አሉ። ወላሂ እኔም ለአንድ አፍታ ሽቦውን ረሳሁት።

ጋሼ ጆሯቸውን በእጃቸው ያዙ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በለሆሳስ ጀመሩ። ዘይነባ አይሰማም አባባ፣ ከፍ ያድርጉት አለች። ከፍ አደረጉት። አሁንም ይቆራረጣል አለች። ድምፁ በአንቴናው በኩል የሚወጣ መስሏቸው ነው መሰለኝ፣ መንገድ እንዳይዘጉበት መስኮቱን እስከ ታች ከፈቱለትና ባለ በሌለ ኃይላቸው ለቀቁት። አላሁ አክበር! ደሴ ላይ ቢሆን ጦሳ ተራራ ይመልሰው ነበር። አቢዴል ላይ የመለሰው ውሻ ነው።

የግራጫው ቤት መጋረጃ ተንቀሳቀሰ። አየሁት። አንድ የወንድ ፊት ብቅ አለ፣ ስልክ ጆሮው ላይ አደረገ፣ ጠፋ። ሰይድ እንሂድ አልኩት። ሊጨርሱ ነው አለኝ። ወንበሬ ላይ ወደ ታች ተንሸራተትኩ፤ ወደ ታች ያለው ደግሞ ሳጥኑ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የፖሊስ መኪና ከኋላችን ቆመ። አንዷ ሴት ፖሊስ መጣች፤ የሥራ ጓደኛዋ በሩን ከፍቶ ከመኪናቸው አጠገብ ቀረ። ጋሼ አዛኑን አቋርጠዋል፤ ስክሪኑ ደርቋል፤ ሕፃኗ አፏን እንደከፈተች ቆማለች። ፖሊሷ እጃችሁን አሳዩኝ አለች። አሳየናት። እንግዲህ ባሌ ታክሲው ውስጥ ከፈረንጅ ጋር ስለ ሆኪ የሚከራከር ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን እንግሊዝኛው ጥሎት ሄደ። ሽቦዎቹን በዓይኗ ተከተለች። ከስክሪኑ ተነስታ፣ በማርሹ በኩል አልፋ፣ እግሬ ዘንድ ደረሰች። ከዚያ በሕይወቴ ከተጠየቅኩት ሁሉ የከበደውን ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ምን ላይ ነው የተቀመጥሽው አለችኝ።

ኮምፒውተር ላይ አልኩ። እውነት እንዲህ ውሸት መስሎ ተሰምቶኝ አያውቅም።

በዚህ መሃል ጋሼ፣ እንግዳ መጥቶ ዝም ማለት ነውር ሆኖባቸው፣ እጃቸውን ወደ ኮታቸው ውስጠኛ ኪስ ሰደዱ። ለሕፃኗ ደስታ ብለው የያዙትን ተምር ሊያቀርቡላት መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ ፖሊሷ አታውቅም። የእሷም እጅ ወደ ወገቧ ሲሄድ አየሁ። ወዲያው ጮህኩ፦

"ጋሼ! በአላህ ይዤዎታለሁ፣ እጅዎን እንዳያንቀሳቅሱ!"

ጋሼ እጃቸው ኮታቸው ውስጥ እንዳለ ደርቀው ቀሩ። እናት ሳልሆን እዚሁ ልሞት ነው ብዬ አሰብኩ፤ በጨነቀ ሰዓት ሰው የሚያስበው ይገርማል። ልክ ያኔ የደረቀው ስክሪን ነቃና፣ ሰይድ ለፊልም ብሎ ባስገባቸው በእነዚያ ትልልቅ ስፒከሮች፣ አራስ ልጅ መኪናውን ሞልታ አለቀሰች።

የፖሊሷ ፊት ተለወጠ። እጇ ከወገቧ ተነሳ። መኪናው ውስጥ ሕፃን አለ ወይ ብላ በመስኮቱ አንገቷን አስገባች፤ የኋላውን ወንበር፣ የጋሼን ሥር፣ የእኔን ጭን ፈተሸች። የሕፃን መቀመጫው የታለ ብላ ተቆጣች። ሽቦውን ይቅር ልትለን ትችል ይሆናል፤ ያለ መቀመጫ የተጫነ ሕፃን ግን እዚህ አገር ይቅርታ የለውም። ሰይድ በጣቱ ስክሪኑን አሳያትና "ኖርዌይ" አለ። ከፖሊሷ ጋር ሲነጋገር ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ነው።

አየች። ዘይነባ ከወዲያ ማዶ ምንም የምታውቀው ነገር የለም፤ "አባባ፣ ምነው ቆሙ? ይጨርሱላት እንጂ" አለች። ፖሊሷ ልጅቱ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። ይህቺ ልጅ ዛሬ ከሆስፒታል ወጣች፣ በጆሮዋ የመጀመሪያውን የጸሎት ጥሪ የሚያሰሟት አያቷ ናቸው፣ ገና አልጨረሱም አልኳት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ለጓደኛዋ በእጇ ምልክት ሰጠችው።

"ይጨርሱ" አለች።

ጋሼ እጃቸውን ቀስ ብለው አውጥተው ጆሯቸውን ያዙ። አሁን ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ሲግናሉም አዝኖልን ነው መሰል አልተቆራረጠም። ሕፃኗ ማልቀሷን ተወች። እኔ ጀመርኩ።

ሲያበቃ ፖሊሷ ተምሩን ተቀበለች። ስክሪኑን ከነጂው ዓይን ፊት አንሱ ብላ ሰይድን አስጠነቀቀችው፤ እሱም ኖርዌይ ሊላት ምንም አልቀረው። ከዚያ የግራጫውን ቤት በር አንኳኳች። በሩ ተከፍቶ በፒጃማው ላይ ካፖርት የደረበ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አብሯት መጣ። ምን ሊለን ነው ብዬ ሻሼን አጠበቅኩ። እጁ ላይ የያዘው ግን ብርድ ልብስ ነበር።

ለካስ ሰውየው ስለ አንቴናውም፣ ስለ ሽቦውም፣ ስለ ሃይማኖታችንም ያሰበው ነገር የለም። በመስኮት ሲመለከት፣ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ጆሯቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጮኻሉ፤ ከፊት ያሉት ሁለት ሰዎች ግን ዞር ብለው እንኳ አያዩዋቸውም። ምስኪኑን ሽማግሌ ሕመም ሊገድላቸው ነው፣ እነዚህ ጨካኞች ሐኪም ቤት እንኳ አይወስዷቸውም ብሎ ነው የደወለው። ይህን ያህል ስሸበር የቆየሁት እኔው ራሴ አስፈሪዋ ሆኜ ተገኘሁ። አሁንም ቢሆን እኔንና ሰይድን በደህና ዓይን አላየንም፤ ብርድ ልብሱን በመስኮት አስገብቶ ጋሼ ጉልበት ላይ ደረበላቸው።

ጋሼ ሰውየው ምን ይላል ብለው ጠየቁ። ሰይድ እኔን አየኝ፤ እኔ አንቴናውን አየሁ። ታላቅን ማሳፈር አይሆንለትምና፣ ጋሼ፣ ድምፅዎን ሰምቶ ልቡ አላስችለው ብሎት ነው የወጣው ብሎ ተረጎመላቸው።

ጋሼ ሰውየውን ትኩር ብለው አዩት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ብርድ ልብሱን በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና፣

"አላህ ይስጠው፤ አየህ፣ ሰው የትም አለ። በል ንገረው፤ ነገ ጎህ ሳይቀድ ለሱብሂ ሶላት እዚሁ መስኮቱ ሥር መጥቼ፣ ከዛሬው አብልጬ አሰማዋለሁ" አሉ።