የባጃጅ ጀርባ አንባቢዎች

«የዘንድሮ ተማሪ ማንበብ አይወድም» የሚል ሰው ሆሳዕና ውስጥ ከተማሪ ጋር በእግሩ ሄዶ አያውቅም። እስቲ ከትምህርት ቤት እስከ መናኸሪያ አብራችኋቸው ውረዱ! ባጃጅ ጀርባ ላይ ከተጻፈ ጥቅስ አንድም አያመልጣቸውም። ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ይተነትናሉ፣ ይከራከራሉ። ክፍል ገብቼ «ቀጣዩን ምንባብ ማን ያነባል?» ስል ግን የሁሉም የጫማ ክር ባንዴ ይፈታል፤ ሁሉም ጎንበስ!

የአማርኛ መምህር ነኝና ይህን ችዬ ኖሬያለሁ። የብርቱካን ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ከሌሞ ገጠር በጋሪ የምትመጣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ ናት፤ ቤቷ የሚወራው ሀዲይኛ ነው። አንድ ቀን ቀስ እያለች ስታነብ ክፍሉ በአነጋገሯ ሳቀባት። ከዚያ ወዲያ ተራዋ ሲደርስ ሳል ይይዛት ጀመር፤ ቆይታም ከነጭራሹ ቀረች። እናቷ መጥተው፣ «ቲቸር፣ ትምህርቱን እምቢ ካለች ምን አደርጋለሁ? ዳምቦያ ከተማ አክስቷ ጋ ትሂድና ገበያ ትርዳት» ሲሉኝ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ይታገሱኝ ብዬ ለመንኳቸው። ለመንኩ እንጂ በሳምንቱ ውስጥ ምን እንደምሠራ እኔስ መች አውቄ!

ሲጨንቀኝ አጎቷ ትዝ አለኝ። የእናቷ ወንድም ባጃጅ ይነዳል፤ ጀርባው ገና ምንም አልተጻፈበትም። አነጋገርኩትና ክፍል ገብቼ አዋጅ አስነገርኩ፦ መጽሐፉ ይቀመጥ፤ ለዚህ ባጃጅ ጥቅስ ጻፉ፤ ክፍሉ የመረጠው ይጻፍበታል። ጉድ ፈላ! እስክሪብቶ የለንም ሲሉ የኖሩት ሁሉ ወረቀት አልበቃን አሉ። እርግጥ ግማሾቹ «ምቀኛ አታሳጣኝ»ን ገልብጠው ሲያበቁ የራሳችን ነው ብለው ድርቅ አሉ። አጎቷ በባጃጁ አምጥቷት እያጉረመረመች የገባችው ብርቱካን የጻፈችውን ግን ሰሌዳ ላይ ገለበጥኩት።

«አትሳቁብኝ፤ ቀስ ብዬም እደርሳለሁ።»

የሳቁባት ልጆች አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ እጃቸውን አውጥተው እሷኑ መረጡ።

አጎት ግን አሻፈረኝ አለ። ቀስ እላለሁ ብሎ በአደባባይ የሚያውጅ ባጃጅ ማን ይሳፈርበታል? ነው ነገሩ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብዬ ብተርትበት፣ እንቁላሉ ይሂድ፣ እኔ ግን የቤንዚን ሰልፍ አለብኝ አለኝ። በስንት ልመና፣ ለእህቱ ልጅ ሲል አስጻፈው።

ከዚያማ ነፍሰ ጡሯ፣ አሮጊቷ፣ እንቁላል ይዛ ገበያ የምትወጣው ሁሉ ከዚያ ባጃጅ በቀር አልሳፈርም አለች! ሌሎች ሹፌሮችም ለእኛም ጻፊልን እያሉ ብርቱካንን ደጅ ይጠኗት ጀመር። እናቷ ማንበብ አይችሉም፤ መንገደኛ አስቁመው ያስነብቡና «የኔ ልጅ ናት የጻፈችው» ይላሉ። የዳምቦያን ነገር ማን ያንሳው! ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ በጣም ደስ አለኝ።

እኔም በዚሁ ሞቅታ ስለ ንባብ ጥቅም ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ከ«ንባብ የአእምሮ ምግብ ነው» ጀምሬ ምኑን አስቀረሁት! ክፍል ይዤው ገባሁና ማን ያንብብልኝ ስል ብርቱካን እጇን አወጣች። ቆማ፣ በራሷ አነጋገር፣ ቀስ እያለች፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው። ማንም አልሳቀም። ጽሑፉን እንዴት አገኘሽው አልኳት።

ወረቀቱን አገላብጣ አየችና፣ እንዳይከፋኝ እየተጠነቀቀች፣ «ጥሩ ነው ቲቸር፤ ግን ባጃጅ ጀርባ ላይ አይገባም» አለችኝ።